ከቆመው መኪና ሥር የሚታይ እግር

አጎትየው ዕድሜያቸውን በመሪ ላይ ያሳለፉ ሹፌር ናቸው፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሚኒባስ፣ በኋላ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ነድተዋል። የእህታቸው ልጅ ጀርመን አገር የምትኖር መሐንዲስ ናት፤ ሥራዋ ለመኪና የሚገጠም ራዳር ነው። ለጥየቃ ወደ አሜሪካ መጥታ በነበረበት ሰሞን ቡና ተፈልቶ የተነጋገሩበት ጉዳይ እግረኛ የሆነውን ሁሉ የሚመለከት ስለሆነ እንዳለ ቀርቧል።

ሹፌሩ፦ እስቲ ከመጀመሪያው አስረጂኝ። ዐይን የማያየውን ሰው መኪና እንዴት ያያል? መኪኖች ግራና ቀኝ ተደርድረው ቆመው ልጅ ከመሃላቸው ዘሎ ሲወጣ፣ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ነድቼ እንኳ የማውቀው ከወጣ በኋላ ነው።

መሐንዲሷ፦ እውነት ከወጣ በኋላ ብቻ ነው ጋሼ? በቆሙ መኪኖች አጠገብ ሲያልፉ ዐይንዎ የት እንደሚያርፍ ልብ ብለው ያውቃሉ?

ሹፌሩ፦ እሱማ ከሥር ነው። ከጎማ እስከ ጎማ ባለው ክፍተት አያለሁ። የሚንቀሳቀስ ጫማ ካለ ሰው አለ ማለት ነው። አዲስ አበባ የለመድኩት ነገር ነው። ሚኒባስ ቆሞ ሰው ሲያወርድ፣ የወረደው በመኪናው ፊት ዞሮ ሊሻገር ይነሳል። ከላይ ምንም አይታይሽም፤ ከሥር ግን እግሩ ይቀድመዋል። መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ወደ እኔ የመጣ ልጅ ሁሉ ከእኔ የሚሰማው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው።

መሐንዲሷ፦ ራዳሩም የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው። የሚገጠመው ከፊት ፓራውልት ጀርባ ወይም ከመኪናው አርማ ኋላ ስለሆነ ለመሬት ቅርብ ነው። የሚለቀው የሬዲዮ ሞገድ የቆመውን መኪና ብረት ሲመታ አብዛኛው ይመለሳል። ጥቂቱ ግን በመኪናው ሆድና በአስፋልቱ መካከል ይገባል፤ አንዴ ከአስፋልቱ፣ አንዴ ከሻሲው እየነጠረ ማዶ ይወጣል። እዚያ የሰው እግር ካገኘ ይመታውና በመጣበት ይመለሳል። የሚመለሰው በጣም ትንሽ ነው፤ ግን ይመለሳል።

ሹፌሩ፦ ካሜራውንስ ዝቅ አድርገው ቢተክሉት እግሩን አያይም ነበር?

መሐንዲሷ፦ ዝቅ ሲል ጭቃና አቧራ ይሸፍነዋል። ማታ ደግሞ ካሜራ ከሌላ የሚመጣ ብርሃን ይፈልጋል። ራዳር የሚያየው ራሱ በላከው ሞገድ ነው፤ ቀንና ሌሊት ለእሱ አንድ ነው፤ ጭጋግና ዝናብም ብዙ አያደናቅፉትም። በፕላስቲኩ ፓራውልት ውስጥ አልፎ ስለሚያይ ከውጭ መታየት እንኳ አያስፈልገውም።

ሹፌሩ፦ ይህ እንግዲህ የቅርብ ጊዜ ግኝት መሆን አለበት።

መሐንዲሷ፦ ራዳር ራሱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ክርስቲያን ሁልስማየር የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1904 ኮሎኝ ከተማ ውስጥ፣ በራይን ወንዝ ላይ የሚመጣን መርከብ ሳያየው በሬዲዮ ሞገድ ለይቶ ለሰው አሳይቷል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ዓላማው ነው፤ መርከቦች በጭጋግ እንዳይጋጩ ብሎ ነው የሠራው። በጊዜው የሚገዛው አላገኘም። በኋላ ጦርነት መጣና ራዳር የጦር መሣሪያ ሆኖ አደገ። ወደ ሲቪል መኪና የገባው በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ያኔም ሥራው በአውራ ጎዳና ላይ ከፊት ካለው መኪና ርቀት መጠበቅ ነበር። ብረት ፈላጊ ነበር ማለት ይቻላል። ሰውን እንዲፈልግ የተጠየቀው ቆይቶ ነው።

ሹፌሩ፦ ሰው ብረት አይደለም። ታዲያ ብረት መሃል የቆመን ሰው እንዴት ይለየዋል? የቆመው መኪና የሚመልሰው ሞገድ የሰውየውን አይውጠውም?

መሐንዲሷ፦ ይውጠው ነበር፤ መኪና ከሰው ይልቅ ብዙ እጥፍ ይመልሳልና። የሚያድነን እንቅስቃሴ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር የሚመልሰው ሞገድ ድግግሞሹ ትንሽ ይለወጣል። ይህን ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 ያስረዳው ነው። የመኪና ራዳር በ77 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል፤ የሞገዱ ርዝመት 4 ሚሊሜትር ያህል ነው። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እየተራመደ ወደ ራዳሩ የሚመጣ ሰው ሞገዱን በ700 ኸርዝ ገደማ ይለውጠዋል። ከ77 ቢሊዮን ላይ 700 ማለት ኢምንት ነው፤ ዛሬ ያሉት ትናንሽ ራዳሮች ግን ይለዩታል። መኪናው የራሱን ፍጥነት ስለሚያውቅ፣ ከመሬት ጋር የቆመውን ነገር ሁሉ አስልቶ ወደ ጎን ይተወዋል። የቆመው መኪና፣ ግንቡ፣ የመብራት ምሰሶው ሁሉ ይወጣሉ። የሚቀረው የሚንቀሳቀሰው ብቻ ነው።

ሹፌሩ፦ አሁን ገባኝ። እኔም ከሥር ሳይ የቆመ ነገር አያስደነግጠኝም፤ የሚንቀሳቀስ ጫማ ነው የሚያስደነግጠኝ።

መሐንዲሷ፦ አንድ ችግር አለ ግን። ዶፕለር የሚለካው ወደ ራዳሩ መቅረብን ወይም ከእሱ መራቅን ነው። እግረኛ ደግሞ መንገድ የሚያቋርጠው ጎን ለጎን ነው። ልክ ከፊትዎ በቀጥታ ሲያቋርጥ ወደ እርስዎ መቅረቡ ዜሮ ይጠጋል፤ ራዳሩ እንደቆመ ነገር ሊቆጥረው ይችላል። እዚህ ላይም የሚረዳን እግሩ ነው። ሰው ሲራመድ ሰውነቱ በአንድ ፍጥነት ይሄዳል፤ የሚወረወረው እግር ግን ከሰውነቱ እጅግ ይፈጥናል፤ መሬት የረገጠው ደግሞ ለአፍታ ይቆማል። ይህ እየተፈራረቀ በራዳሩ ላይ የራሱ ምልክት ይተዋል። ውሻ ሲሄድ ምልክቱ ሌላ ነው፤ ብስክሌት ሲሄድም ሌላ ነው።

ሹፌሩ፦ ስለዚህ ከሥር የሚታየውም እግር ነው፤ ሰው መሆኑን የሚመሰክረውም እግር ነው። ጥሩ። እንግዲህ ይህን ያህል ከታወቀ መኪኖቹ ለምን ሰው ይገጫሉ?

መሐንዲሷ፦ ምልክቱ ደካማና የተበታተነ ስለሆነ ነው። ክፍት ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ብዙ ነጥብ ይመልሳል። ከመኪና ጀርባ ያለው አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ይመልሳል፤ አንዳንዴ ምንም። የመኪናው ኮምፒውተር ደግሞ በአንድ ነጥብ ፍሬን እንዳይዝ ተደርጎ ነው የተሠራው። ካሜራውን ይጠይቃል፤ ካሜራው «ሰው የለም» ይላል። ስለዚህ ነጥቡን ይጥለዋል።

ሹፌሩ፦ ካሜራው እኮ ከመኪናው ጀርባ ማየት አይችልም!

መሐንዲሷ፦ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው ጋሼ። ፍርድ ቤት ቀርቦ «ማንንም አላየሁም» የሚል ምስክር ሜዳው ፊት ለፊት ቆሞ ከነበረ ቃሉ ትልቅ ነው። ግንብ ጀርባ ቆሞ ከነበረ ግን ዝምታው ምንም አይመዝንም፤ ዳኛው የት ቆሞ እንደነበር ሳይጠይቅ ቃሉን ከተቀበለ ፍርዱ ይበላሻል። ኔዘርላንድ ውስጥ በዴልፍት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አንድራሽ ፓልፊ፣ ጁሊያን ኮይና ዳሪዩ ጋቭሪላ የሠሩት ይህንን ጥያቄ ወደ መኪናው ማስገባት ነው። ጋቭሪላ ቀደም ሲል በዳይምለር ኩባንያ ውስጥ እግረኛን በካሜራ በመለየት ሥራ ላይ ለብዙ ዓመታት የቆየ ሰው ነው።

ሹፌሩ፦ እንዴት አድርገው አስገቡት?

መሐንዲሷ፦ ጥንድ ካሜራዎቹ መጀመሪያ የሚጠየቁት ሰውን አይደለም፤ የቆሙት መኪኖች የት እንደሆኑና ምን ያህል ቦታ እንደሚሸፍኑ ነው። መኪናው ከዚያ በመነሳት ከፊቱ ያለውን መንገድ ይከፋፍለዋል፦ ይህ ለእኔ የሚታየኝ ቦታ ነው፣ ያ የተሸፈነብኝ ቦታ ነው። በሚታየው ቦታ ላይ ካሜራው ዝም ካለ ሰው የለም ማለት ነው። በተሸፈነው ቦታ ላይ የካሜራው ዝምታ አይቆጠርም። ራዳሩም በሚታየው ቦታ ላይ ብዙ ነጥብ ይጠበቅበታል፤ በተሸፈነው ቦታ ላይ ግን ጥቂት ነጥብ ብትመጣም ለቦታው የሚጠበቀው ይኸው ነው ተብሎ ትመዘናለች። መሣሪያው ያው ነው፤ የተለወጠው ማስረጃ የሚመዘንበት መንገድ ነው። ለእኔ ከዚህ ዘርፍ ሥራዎች ሁሉ ውድ የሆነብኝ ይህ ነው፤ ማሽኑ የማያየውን ነገር እንደማያየው እንዲያውቅ ማድረግ።

ሹፌሩ፦ ውጤቱስ?

መሐንዲሷ፦ እግረኞች ከቆሙ መኪኖች ጀርባ የሚወጡባቸውን 501 ቀረጻዎች በእውነተኛ መንገድ ላይ ሰበሰቡ። በ2022 ባሳተሙት ሥራ መሠረት፣ ካሜራ ብቻውን ከሚያገኘው በአማካይ በ0.26 ሰከንድ ቀድመው እግረኛውን አገኙት። ካሜራና ራዳር ተደምረው የተሸፈነው ቦታ ግን ሳይነገራቸው ሲቀር ከሚያገኙት ደግሞ በ0.15 ሰከንድ ቀደሙ።

ሹፌሩ፦ ሩብ ሰከንድ? ይህ ሁሉ ድካም ለሩብ ሰከንድ ነው?

መሐንዲሷ፦ እናስላው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ0.26 ሰከንድ ውስጥ 3.6 ሜትር ይሄዳል። አሁን ሁለት መኪና ያስቡ፤ ሁለቱም በ50 እየመጡ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ጠበቅ ያለ ፍሬን ሲያዝ ለመቆም 12 ሜትር ያህል ይፈልጋሉ። አንደኛው በጊዜ ያዘና ልክ ልጁ እግር ሥር ደርሶ ቆመ። ሁለተኛው በ0.26 ሰከንድ ዘግይቶ ያዘ። የመጀመሪያው በቆመባት ቦታ ላይ የሁለተኛው ፍጥነት ስንት ይመስልዎታል?

ሹፌሩ፦ ሊቆም ጥቂት የቀረው ነው። አምስት? ቢበዛ አሥር።

መሐንዲሷ፦ 27 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው።

ሹፌሩ፦ ምን?

መሐንዲሷ፦ ፍሬን ሲያዝ መኪና ፍጥነቱን በርቀት እኩል እየቀነሰ አይሄድም። መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ስለሚሄድ ብዙ ሜትር ይጨርሳል፤ አብዛኛው ፍጥነት የሚወርደው በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ነው። እነዚያን 3.6 ሜትሮች ያጣ መኪና ልጁን የሚያገኘው በግማሽ ፍጥነት ነው። ሩብ ሰከንዷ ባለመገጨትና በ27 በመገጨት መካከል ያለች ናት።

ሹፌሩ፦ ይህን ሰው ሁሉ ሊሰማው ይገባል። እኛ ሹፌሮች «ፍሬን ይዤ ነበር» ስንል እውነታችንን ነው፤ ግን የያዝነው ከዚያች ቅጽበት በኋላ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንድ ጊዜ የነዳሁት መኪና፣ የማንም ይሁን፣ አውራ ጎዳና ላይ ከድልድይ ሥር ስገባ ያለ ምንም ነገር ፍሬን ያዘ። ከኋላ የተቀመጠችው መንገደኛ ወንበሩን መታች፤ ከኋላዬ ያለውም ለጥቂት ዳነ። መኪናሽ በአንድ ነጥብ ማመን ከጀመረ በየመቶ ሜትሩ እንዲህ አያደርገንም?

መሐንዲሷ፦ ፍርሃትዎ ትክክል ነው፤ የኛም ትልቁ ራስ ምታት ይኸው ነው። ሞገድ ከብዙ ነገር ስለሚነጥር ራዳር ሰው በሌለበት ሰው ያሳያል፤ ያለውንም ከቦታው አዛንፎ ያሳያል። የሐሰት ማንቂያ የበዛበት ሹፌር ደግሞ መሣሪያውን ያጠፋዋል፤ የጠፋ መሣሪያ ማንንም አያድንም። ግን ሐሰትን መፍራት ምን ሊያስከትል እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልንገርዎት። ማርች 2018 በአሪዞና ግዛት ቴምፒ ከተማ የኡበር የሙከራ መኪና በራሱ እየተነዳ በሌሊት አንዲት ሴት ገጭቶ ገደለ። ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ እያቋረጠች ነበር።

ሹፌሩ፦ አስታውሳለሁ። እዚህ ሹፌር ሁሉ ያወራው ነበር። መኪናው አላያትም ተባለ።

መሐንዲሷ፦ አይቷታል! የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርምሮ እንዳወጣው፣ ራዳሩ ያገኛት ከመገጨቷ 5.6 ሰከንድ ቀድሞ ነው። መኪናው በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር፤ 5.6 ሰከንድ በደህና ለመቆም የሚበቃ ጊዜ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ምንነቷን መወሰን አቃተው። አንዴ መኪና ናት አለ፣ አንዴ ያልታወቀ ነገር፣ አንዴ ብስክሌት። ስሟን በለወጠ ቁጥር እስከዚያ ድረስ ወዴት ስትሄድ እንደነበር ይረሳና እንደ አዲስ ይጀምራል። ከተፈቀደ መሻገሪያ ውጭ ሰው ያቋርጣል የሚል ነገርም አልተሰጠውም። በዚህ ላይ የሐሰት ማንቂያ እንዳይበዛ ተብሎ፣ አደጋ ሲያይ ለአንድ ሰከንድ ያህል ምንም ሳያደርግ እንዲታገስ ታዝዞ ነበር። መሪው ጋ የተቀመጠችውም ሰው ዐይኗ መንገዱ ላይ አልነበረም።

ሹፌሩ፦ አንድ ሰከንድ ታገስ ብሎ ማዘዝ! አንቺ ስለ ሩብ ሰከንድ ስትነግሪኝ እነሱ ሙሉውን ጣሉት። ልጄ፣ እኔ መንገድ ላይ የሆነ ነገር ካየሁ መጀመሪያ እግሬን ከነዳጅ ላይ አነሳለሁ፤ ሰው ይሁን ላም፣ ስሙን ቀስ ብዬ አውቀዋለሁ።

መሐንዲሷ፦ ልነግርዎት የፈለግኩት ያንኑ ነው፤ እርስዎ ቀደሙኝ። ብዙ የዛሬ መኪና ከማስጠንቀቂያ ድምፅ ሌላ በአብዛኛው የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፦ ምንም አለማድረግ ወይም ሙሉ ፍሬን። ሙሉ ፍሬን ትልቅ ነገር ስለሆነ ትልቅ እርግጠኝነት ይጠይቃል፤ እርግጠኝነቱ እስኪመጣ ልጁ አስፋልት ላይ ነው። ከመኪና ጀርባ የምትመጣ ደካማ ነጥብ ሙሉ ፍሬን የምታስይዝ አይደለችም። ነዳጅ የምታስለቅቅ ግን ናት። በሰዓት ከ50 ወደ 40 መውረድ፣ ፍሬኑን ለመያዝ አዘጋጅቶ መጠበቅ፣ ከቆሙት መኪኖች በግማሽ ሜትር ራቅ ማለት። ጥርጣሬው ሐሰት ከሆነ የጠፋው ሁለት ሰከንድ ነው፤ መንገደኛውም አያውቀውም። ለጥርጣሬ በመጠኑ መልስ መስጠት ከተቻለ፣ በአንድ ነጥብ ማመን አያስፈራም።

ሹፌሩ፦ ጥሩ ሹፌር እንዲህ ነው። እርግጠኛ እስኪሆን የሚጠብቅ ሹፌር መንጃ ፈቃዱን ቢመልስ ይሻላል። የመንገዱ ጥግስ? እዚህ ሰፈር ውስጥ ቀኝ ስትታጠፊ ከሕንፃው ጀርባ ማን እንዳለ አታውቂም። እዚያ ደግሞ ከሥሩ የሚታይ ክፍተት የለም።

መሐንዲሷ፦ እዚያ ግድግዳው ይረዳናል። ለብርሃን አብዛኛው ግንብ ሻካራ ነው፤ የመታውን ብርሃን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። አራት ሚሊሜትር ርዝመት ላለው ሞገድ ግን ያው ግንብ ልስልስ ነው፤ ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ይነጥራል። ስለዚህ ማዶ ካለው ግንብ ወይም ከቆመ መኪና ጎን ነጥሮ ጥጉን ይዞራል፤ እዚያ የሚሄደውን እግረኛ ወይም ብስክሌተኛ መትቶ በዚያው ይመለሳል። በ2020 የመርሴዲስ ቤንዝ ተመራማሪዎች ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ፊሊክስ ሃይደና ከሌሎች ጋር ሆነው ይህን በተራ የከተማ ጎዳና ላይ ለገበያ ከሚቀርቡ ራዳሮች ጋር በሚቀራረብ መሣሪያ አሳይተዋል። ገና ምርምር ነው። ግንብ በሌለበት ወይም ግንቡ በማይመች አቅጣጫ በቆመበት ጥግ ላይ አይሠራም።

ሹፌሩ፦ እንግዲህ እኔም የምለው አለኝ። አንቺ የተሸፈነውን ሰው ለማየት ይህን ሁሉ ስትደክሚ፣ መሸፈኛውን ማንሳት ቀላል አይደለም? መሻገሪያው አጠገብ መኪና እንዳይቆም ቢደረግ ልጁ ይታያል፤ ራዳር የሌለውም ሹፌር ያየዋል። ኒው ጀርሲ ውስጥ ሆቦከን የምትባል ከተማ አለች፤ ዘመዶች ስላሉኝ እሄዳለሁ። በመገናኛዎቹ ጥግ ጥግ ላይ መኪና እንዳይቆም አድርገው አበባና የብስክሌት ማቆሚያ ተክለውበታል። ጥግ ላይ ስትደርሺ ሁሉም ነገር ይታይሻል።

መሐንዲሷ፦ እውነት ነው፤ የሆቦከን ታሪክ በኛም ሙያ ውስጥ ይነገራል። ከ2017 መጀመሪያ አንስቶ ለዓመታት በመንገዶቿ ላይ አንድም ሰው በትራፊክ አደጋ አልሞተባትም። ካሊፎርኒያም ከመሻገሪያው 20 ጫማ ድረስ መኪና እንዳይቆም የሚለውን ሕግ ከ2025 ጀምሮ እያስፈጸመች ነው። እኔ በመሣሪያዬ ብኮራም፣ በአንድ ከተማ ያለ ገንዘብ መጀመሪያ የት ይዋል ብባል እርስዎ ያሉት ላይ ይዋል እላለሁ። መንገድ ላይ የሚቀባ ቀለምና የሚተከል ድንጋይ ሁሉንም መኪና እኩል ያገለግላሉ፤ ራዳር የሚያገለግለው የተገጠመለትን ነው። ግን ከተማ ሁሉ ጥግ ብቻ አይደለም ጋሼ። በሁለት ጥግ መካከል ባለው ርዝመት መኪና ይቆማል፤ ልጅም ኳሱን ተከትሎ ከዚያ ይወጣል።

ሹፌሩ፦ በአገራችን ደግሞ የሚሸፍነው ሚኒባሱና ጭነት መኪናው ነው፤ እነሱ በቀለም አይከለከሉም። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው። ይህ ነገር ለዚያ ሕዝብ ይደርሳል ብለሽ ታስቢያለሽ?

መሐንዲሷ፦ በከፊል መድረስ ጀምሯል። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2024 መጀመሪያ ከተከለከለ ወዲህ እየገቡ ካሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች መካከል ራዳርና ካሜራ የተገጠመላቸው አሉ። ሁለት ነገር ግን ያሳስበኛል። አንደኛው፣ ዴልፍት ላይ የተሰበሰበው ቀረጻ የዴልፍት ጎዳና ነው። ሰው በደርዘን ተሰልፎ ታክሲ የሚጠብቅበት፣ ፍየልና ጋሪ የሚያልፍበት መንገድ ለዚያ ኮምፒውተር እንግዳ ነው፤ የሚንቀሳቀስ እግር በበዛበት ቦታ የትኛው ሊሻገር እንደሆነ መለየት ሌላ ሥራ ነው፤ ያ ሥራ በራሳችን መንገድ ላይ በተሰበሰበ መረጃ መሠራት አለበት። አገር ቤት ያሉ የምህንድስና ተማሪዎች ቢይዙት ደስ የሚለኝ ጥናት ነው፤ የመኪና ራዳር ዛሬ ውድ ዕቃ አይደለም።

ሹፌሩ፦ ሁለተኛውስ?

መሐንዲሷ፦ ጋራዥ ነው። ራዳሩ ያለው ፓራውልቱ ጀርባ ነው ብያለሁ። ፓራውልቱ ተጋጭቶ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ቀለም በቀለም ላይ ተደርቦ ሲወጣ ሞገዱ ይዳከማል ወይም አቅጣጫው ይዛባል። ራዳሩ ራሱ ከቦታው በጥቂቱ ከዞረ ደግሞ ቀኝ ያለውን ሰው መሃል ላይ ያየዋል። ከጥገና በኋላ አቅጣጫው በመሣሪያ መስተካከል አለበት። ባለቤቱ መኪናው ያያል ብሎ ተማምኖ ይነዳል፤ መኪናው ግን አያይም። ከዚህ የከፋ ነገር የለም።

ሹፌሩ፦ ይህን ለጋራዥ ባለሙያዎቹ መንገር ያስፈልጋል። መማር የሚጠሉ ልጆች አይደሉም፤ የሚነግራቸው ነው የጠፋው። ለመሆኑ እዚህ አሜሪካስ መኪናዎቹ አሁን ምን ያህል ደርሰዋል? ከሻጮቹ ከሰማሽ ሁሉም እግረኛ ያያል ነው የሚሉሽ።

መሐንዲሷ፦ ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር በ2019 ሞክሮታል። መኪኖቹ በሰዓት 20 ማይል ብቻ እየሄዱ ከሁለት የቆሙ መኪኖች መሃል የሕፃን አሻንጉሊት ሲወጣባቸው ከመቶው 89 ጊዜ ገጩት። ቀን ላይ ነው ይህ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያዎቹ ተሻሽለዋል። በ2022 የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደግፉት የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም ባወጣው ጥናት፣ እግረኛ አይቶ ራሱ ፍሬን የሚይዝ መሣሪያ ያላቸው መኪኖች እግረኛ የመግጨታቸው ነገር በ27 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። መብራት በሌለበት ጨለማ ግን ልዩነት አልነበረም።

ሹፌሩ፦ ሰው የሚሞተው እኮ በጨለማ ነው።

መሐንዲሷ፦ አዎ። አሜሪካ ውስጥ በ2009 የሞቱት እግረኞች 4,109 ነበሩ፤ በ2022 ከ7,500 አለፉ። ከአራቱ ሦስቱ ያህል የሞቱት ጨለማ ላይ ነው። መንግሥት በኤፕሪል 2024 ያወጣው ደንብ አዳዲስ ቀላል መኪኖች ሁሉ ለእግረኛ ራሳቸው ፍሬን እንዲይዙ ያዛል፤ ሲወጣ የተቀመጠለት ጊዜ ሴፕቴምበር 2029 ነው። የሌሊት ፈተና በውስጡ አለ፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ከቆሙ መኪኖች ጀርባ ሮጦ የሚወጣ ሕፃንም በውስጡ አለ። ሁለቱ ግን ለየብቻ ናቸው፤ የተሸፈነው ሕፃን የሚፈተነው በቀን ነው።

ሹፌሩ፦ በሌሊት ከመኪና ጀርባ የሚወጣ ሰው በፈተናው የለም ማለት ነው።

መሐንዲሷ፦ የለም። ካሜራ ሁለቱንም አንድ ላይ አይችልም፤ ራዳር ግን ለዚያ የተፈጠረ ነው። ፈተናው ካልጠየቀ አምራቹ ደህናውን ራዳር አይገጥምም፤ በርካሹ ካሜራ ፈተናውን ያልፋል።

ሹፌሩ፦ እንግዲያው ፈተና የሚያወጡት ሰዎች ሁለቱን ያገናኙ። ሌሊት፣ መብራት የሌለበት መንገድ፣ የቆመ መኪና፣ ከጀርባው ሕፃን። ይህን ያላለፈ መኪና እግረኛ ያያል ተብሎ አይሸጥ። እስከዚያ ድረስ አዲስ መኪና የሚገዛ ወገን ሁሉ ሻጩን ይህንኑ ይጠይቅ፤ በጨለማ ከቆመ መኪና ጀርባ የሚወጣውን ሰው ያያል ወይ፣ በራዳር ነው ወይስ በካሜራ ብቻ? መልሱን ካላወቀ፣ አያይም ብላችሁ ንዱ።